ጋሪው ላይ ቁጭ በል

ስልኮቻችንን በዘንቢል ሰብስበው ከወሰዱብን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፣ የብቅል ሽታ በአዳራሹ መስኮት ሲገባ። አሰላ ውስጥ ነፋሱ ወደ ከተማው ሲዞር ከብቅል ፋብሪካው የሚመጣ፣ የተቆላ ገብስ ገብስ የሚል ሽታ ነው። መሥሪያ ቤታችን «ከስልክ መጾም ለአእምሮ ጤና» የሚል ሥልጠና አዘጋጅቶልን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎረምሳ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ እያለ ይጮህብን ነበር። ዝም በሉ የሚለን በማይክሮፎን ነው። ያረቢ! እሱ ራሱ በየአምስት ደቂቃው ኪሱን ይዳብሳል።

እኔማ ዓይኔን ስጨፍን የታዩኝ የልጅነት ጎረቤታችን አባባ ከድር ነበሩ። ባለጋሪ ነበሩ። የአስርን ሰላት ሰግደው ፈረሳቸውን ይፈቱና ገብስ ይሰጡታል፤ ከዚያ ጋሪው ላይ ቁጭ ብለው የጭላሎን ተራራ እያዩ ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። የቆዳና የፈረስ ላብ ይሸቱ ነበር። በዚያ ሰዓት ተጣልቶ፣ ተናዶ የመጣ ሰው ሁሉ «ታኢ!» ይባላል፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ሙስበሃው ዞሮ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከዚያ «እህ፣ አሁን ተናገር» ይሉታል። ግማሹ ሰው ያኔ የሚናገረው ይጠፋው ነበር።

አንድ ቀን እኔና ወንድሜ ጀማል ለአንዲት አሮጌ ጎማ ተደባድበን፣ እኔ አፍንጫዬ እየደማ፣ እሱ ሸሚዙ ተቀዶ ሄድንባቸው። አንዳችንን በቀኝ፣ አንዳችንን በግራ አስቀመጡን። ፈረሱ ገብሱን ሲቆረጥም ብቻ ይሰማ ነበር። ሙስበሃው ሳያልቅ ጀማል ጭናቸው ላይ ተኛ። ጎማዋን እዚያው ረስተናት ገባን።

ሥራ ፈት እንላቸው የነበረው እኛ የተማርነው ነን። እኔ ብልጧ ሥራ ስይዝ ጣት ላይ የሚጠለቅ፣ ሲጫኑት ቁጥር የሚያሳይ የባትሪ መቁጠሪያ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ለመጨረስ ለቸኮለ ሰው ነው፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ በክር አስረው ፈረሱ አንገት ላይ አንጠለጠሉት። እስኪሞቱ ድረስ እዚያው ነበር። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነበርኩ!

ጀማል አሁን ሲሬ ነው የሚኖረው። እማዬ ከሞተች በኋላ በቤቷ ጉዳይ፣ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ አክስቶቻችን እያነበቡ ተሰዳደብን። ፊት ለፊት ብንሆን የማንደፍረውን ሁሉ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈን ነበር። የሥልጠናው ቀን ጠዋት ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብዬ ጽፌለት፣ ልልከው ስል ነው ስልኬ ዘንቢል የገባው።

ሥልጠናው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ታደለን፤ ዝም ብለን ስለዋልን መሆኑ ነው። ስልኩ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ትንፋሹን ሲያዳምጥ የዋለ ሰው ጥሬ እንዳየ ዶሮ ዘንቢሉ ላይ ተረባረበ። አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ማን ከማን ይሻላል።

የጻፍኩት እዚያው ይጠብቀኝ ነበር። አጠፋሁትና ደወልኩ። ጀማል አነሳው።

«ስማ ጀማል፣ እኔ እኮ ያን ቀን እንደዚያ ያልኩህ አንተ ራስህ ስትጀምር...»

«ታኢ» አለኝ።

የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። በወዲያኛው ጫፍ የእሱም ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሁለታችንም ዝም አልን።