ቅቤው የተከሰሰበት ሰርግ

ዝናሽ ጠዋት ጠዋት የውበት ሳሎኗን ከመክፈቷ በፊት መስታወት ፊት ትቆምና የግራ ዓይኗን ቆብ ፕራይመር ትቀባለች። የቀኙን እንዲሁ ትተወዋለች። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የዓይን ቀለም ታስቀምጥና ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን በሯን ትከፍታለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ይስማው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ውጤቱን ይናገራል።

«ግራው እንደቆመ ነው። ቀኙ ቆላ ወርዶ አበርገሌ ደርሷል።»

ፕራይመር ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ ቀለሙን ከቆዳው ጋር አጣብቆ የሚይዝ ቅባት ነው። ዝናሽ ለደንበኞቿ የምታስረዳው በግድግዳ ነው፤ ያልተመረገ ግድግዳ ላይ ኖራ ቢለቀለቅ ይረግፋል። ይህን የተማረችው ሪያድ በሰው ቤት ስትሠራ፣ የአሠሪዋ ሴት ልጅ ስትኳኳል አጠገቧ ቆማ ፎጣ በመያዝ ነው። የቀረውን በራሷ ዓይን ላይ ደረሰችበት። ነጣ ያለው ፕራይመር የዋግ ሰው ፊት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል። ወዙ የበዛው አይደርቅም፤ ቀለሙ ይንሸራተታል። ደህናው የቆዳን መልክ የመሰለው፣ አንድ ጊዜ «አባታችን ሆይ» ተደግሞ እስኪያልቅ የሚደርቀው ነው። እሱም ቢሆን ከአንዲት ምስር ክክ መጠን በላይ ከተቀባ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ እያወቀች ግን ሙሽራ አጥታ ከረመች። ምክንያቱ ያለፈው ጥር ወደ አበርገሌ የተዳረች ልጅ ናት። ዝናሽ ኳኩላ ከጨረሰቻት በኋላ የልጅቷ አክስቶች መኪና ውስጥ ራሷ ላይ ቅቤ ጫኑባት። ቆላው ሲደርሱ ቅቤው ቀለጠ፤ ሰማያዊው ቀለም ከዓይኗ ቆብ ተነሥቶ ጉንጯ ላይ ሰፈረ። አማትየዋ ደንግጠው «ልጄ፣ ማን መታሽ?» አሉ። የልጅቷ ወንድሞች ድንኳን ሳይገቡ በሽማግሌ ተጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ዝናሽ በከተማው «ሙሽራ ደብዳቢዋ» ተባለች።

ዘንድሮ ፅዮን መጣች። እሷም ወደ አበርገሌ የምትዳር ናት። ዝናሽ ለይስማው እንደነገረችው፣ ይህ ሰርግ ከተበላሸ ሳሎኑን ዘግታ ሪያድ ትመለሳለች፤ የሰው ቤት ወለል የምትወለውልን ሴት ማንም ሙሽራ ደብዳቢ አይላትም።

ፅዮን ብቻዋን አልመጣችም። ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ ታይቱ አብረዋት ነበሩ። ታይቱ የድንበር ክርክር ያለ ጠበቃ ተሟግተው የረቱ ሴት ናቸው። ክርክሩ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ እንደናፈቃቸው ይነገራል።

«ቅቤ አይነካትም ብለሻል አሉ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አልከለከልኩም፣ እትዬ ታይቱ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ልብዎ ይቀቧት። በሰርጉ ዋዜማ ትታጠብና በዕለቱ ብቻ ይቅርባት።»

«በዕለቱ? ራሷ ደርቆ አማቷ ቤት ትግባ? ላም የላቸውም ይበሉን?»

«ፕራይመር ቅቤ ላይ አይዝም።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ያለፈው ዓመት ሙሽራ ናታ!»

«እሷ አልቅሳ ነው። ሙሽራ ደግሞ ታለቅሳለች።» ታይቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ቅቤ በሌለበት አይፈረድበትም። በእኔ ራስ ላይ ይፈተን።»

ዝናሽ የግራ ዓይናቸውን ቆብ በፕራይመር፣ የቀኙን ያለ ምንም አድርጋ ሁለቱንም አረንጓዴ ቀባች። ፅዮን ሳቋን በነጠላዋ አፍና ያመጡትን ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ አኖረች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ታይቱ ፀሐዩ ወደሚበረታበት ወደ ከብት ተራ ሲወጡ ይስማው በሩ ላይ ጠበቃቸው።

«እትዬ፣ ሙሽራው ማነው?»

«አባትህ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ኖሮ እሱ ነበር።»

ከብት ተራ ላይ አንድ በሬ ሻጭ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ዋጋ ረስቶ እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ሲመለሱ የቀኙ አረንጓዴ ጉንጫቸውን አልፎ አንገታቸው ደርሷል። የግራው መሐሉ ላይ እንዳለ ነው፤ ከጆሮ ግንዳቸው በኩል ቅቤው የወረደበት ጠርዝ ብቻ ተልጧል። ዝናሽ መስታወቱን ያዘችላቸው።

ታይቱ ረጅም ጊዜ አዩ። ጠርዙን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አሸተቱ።

«ቅቤው አጥፍቷል» አሉ። «ግን ከቤት አይባረርም። ከግንባር ይራቅ።»

በዚህ ተስማሙ፤ ቅቤው ከአናቷ ወደ ኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ከግንባሯ ፀጉር ሥር ደግሞ የሚወርደውን የሚጠጣ የጥጥ ማሰሪያ እንዲታሰር። ማሰሪያውን ይስማው ሰፋው። በራሱ ግንባር ላይ አስሮ ሲለካው የገባ ደንበኛ ራሱን ያመመው መስሎት አዝኖ ጠየቀው።

የሰርጉ ዕለት መኪናው ፅዮንን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ዝናሽ ሳሎኗን ትታ የይስማው ቤት በርጩማ ላይ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያን ቀን ሁለቱንም ዓይኖቿን መቀባት ረስታ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ታይቱ ከከበሮው በላይ እየጮኹ ነበር።

«አማቷ አየቻት!»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ራሷን ዳሰሰች። ቅቤው እጇ ላይ ሲወጣላት እልል አለች! ነግሬሽ አልነበር?»

«ዓይኗስ፣ እትዬ?»

«የምን ዓይን?»

«ቀለሙ!»

«እሱን እንኳ አላየሁም፤ ቆይ።» ከበሮው ብቻ ሲሰማ ቆየ። ይስማው የስፌት መኪናውን አቆመ። «አለ» አሉ ታይቱ ተመልሰው። «እንዳለ ነው። አማቷ ያንን ማሰሪያ ግን የእኛ አገር ደንብ መስሏት ለሙሽራው እህቶችም ይሰፋላቸው ትላለች።»

ዝናሽ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይስማው ዞር ብሎ ለማሰሪያ የሚሆን ጥጥ ጨርቅ መፈለግ ጀመረ።

ከፋሲካ በኋላ ዝናሽ ለሁለት ሰርግ ወደ አበርገሌ ትወርዳለች። ወይዘሮ ታይቱ ቅቤው የት ላይ መቆም እንዳለበት ለማስረዳት አብረዋት ይሄዳሉ።