ማን አረደው የማይባልበት ምሳ

አስረስ መካኒሳ ባለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሃያ ዓመት ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሟል። ልኩን ሳይዝ ብረት ቆርጦ አያውቅም። በ1989 ጥቅምት ላይ ግን ልኩን የማያውቀው ነገር ውስጥ ገባ፤ መንጠቆ ጨብጠው የማያውቁ አሥራ አንድ ባልደረቦቹን ይዞ ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ ሄዶ ትራውት የሚባል ዓሣ ሊያስጠምዳቸው።

ነገሩ የመጣው ከምሳ ነው። በወርክሾፑ ግብዣ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ የክርስቲያን ሥጋ እዚያ፣ የእስላም ሥጋ እዚህ። ሰዉም ሥጋውን ተከትሎ ለሁለት ይከፈላል። አስረስና ከድር በአንድ ማሽን አሥራ አምስት ዓመት ሲፈራረቁ ከአንድ ትሪ ሥጋ አንስተው አያውቁም። ዓሣ ግን ማን አረደው አይባልም። አስረስ ዲንሾ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ያን ነጠብጣባም፣ ቀዝቃዛ ወንዝ የሚወድ ዓሣ የቀመሰ ዕለት ይህን አሰበ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። የሸምበቆ ዘንግ፣ የናይለን ክር፣ በመንጠቆው ፋንታ ትንሽ የብሎን ዳዶ። ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀመጠና አሥር እርምጃ አራቃቸው።

«ቀስ! ትራውት ድንጉጥ ነው። ዳዶው እንደ ዝንብ ይረፍ።»

በያጁ ወጋየሁ ወረወረ። የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ጮኸ።

«ይኼ ዝንብ ነው ጥይት?» አለ ከድር። የእሱ ደግሞ የወጋየሁን ባርኔጣ ይዞ ወደቀ።

ተሳቀ። ግን አንድም ዳዶ ሳፋው ውስጥ አልገባም። አስረስን ላብ አጠመቀው።

«ጋሼ አስረስ፣» አለች የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሙፊዳ፣ «እርስዎ እዚያ ስንት ያዙ?»

«በሦስት ቀን?»

«እ።»

«አንድ።»



«በቃ፣ እኛ አንድ በግ እንጫን፣» አለ ወጋየሁ።

«እንግዲያው እኛም ፍየላችንን፣» አለ ከድር። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ልማዱ ነው የተናገረው። አስረስ ግን ጮኸ።

«በግም ፍየልም አይጫንም!» ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሄደን ሁለት ድስት ልንጥድ ነው?»

ከድር ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ዓሣው እምቢ ቢልስ፣ አስረስ?»

 ሁሉም አስረስን ያያሉ፤ እሱ ሳፋውን ያያል።

«ሽሮስ?» አለች ሙፊዳ። «ሽሮን ደግሞ ማን ነው የሚያርደው?»

ወጋየሁ እየሳቀ ዳዶውን አንስቶ እንደገና ለመወርወር ተዘጋጀ። አስረስ ከደረት ኪሱ የጉዞውን ዕቃ ዝርዝር አውጥቶ «ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ» ብሎ ጻፈበት። ቀና ሲል የወጋየሁ ዳዶ አጥሩን ተሻግሮ ሲሄድ አየ። ሁለቱን ሰርዞ አራት አደረገው።