የለይላ ሙዳይና የአዴ ሳዳ ቀይ አፈር

ሽመልስ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ እጁን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ሙዳዩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ከፀጉር እምብዛም የማይወፍረውን የመዳብ ክር በመርፌ አስገብቶ ከቀዩ አለላ፣ ከተነከረው የስፌት ሣር፣ ሥር ለሥር ያሾልከዋል፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። ክሩ ከውጭ እንዳይታይ ሙዳዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ያየዋል። ጫፉን በምላጭ ፍቆ ያነጣዋል። ከሥሩ ወፍራም ካርቶን ይደግፋል፤ ሙዳይ ሣር ነው፣ የጋለ ካውያ ከነካው አለቀለት። ካውያውን ያስጠጋል፣ ሊዱን አቅልጦ ጠብ ያደርጋል፣ እስከ ሁለት ቆጥሮ ያነሣል፣ እፍ ይላል። በመጨረሻ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይጎትተዋል። ተጎትቶ ያልተፈተነ ብየዳ ለሱ ብየዳ አይደለም።

ያ ስድስተኛውና የመጨረሻው ሙዳይ ነበር። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ሰባት። እንግዶቹ የሚገቡት በአሥር ሰዓት ነው።

ሽመልስ በጁገል ግንብ ፈላና በር አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ባርኮት የምትባለው ልጅ ወደ ሱቁ የመጣችው ባለፈው ክረምት ነው። ዓመቱን ሙሉ መቅረጫዋን ይዛ በጁገል ቤት ለቤት እየዞረች የስፌት ባለሙያ ሴቶችን ድምፅ ስትለቅም ነበር። ያሰበችው እንዲህ ነው፤ ሙዳዮቹ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ወጉ ይሰቀላሉ። እንግዳ አንዱን በእጁ ሲነካ የመዳብ ክሩ ንክኪውን ያውቅና የሰፋችው ሴት ድምፅ ከሙዳዩ ጀርባ ካለች ስፒከር ይወጣል። እጁን ሲያነሣ ታሪኩ ይቋረጣል።

«ይቻላል ጋሽ ሽመልስ?»

«የማይቻል ቢሆን ዋጋውን አስወድድብሽ ነበር። ይቻላል።»

ቤቱን የሰጡት ሰፈሩ በአክብሮት አዴ የሚላቸው ሳዳ ናቸው። የሰጡትም በአንድ ምክንያት ነው። ታላቅ እህታቸው ለይላ ለባርኮት ታሪኳን ከተናገረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ አኼራ ሄዳለች። ባርኮት ድምፁን በስልክ ላሰማዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። «እህቴን ከስልክ አልሰማም። ከገዛ ሙዳይዋ ከሆነ እሰማለሁ። ያ ካልሆነ ግን ሙዳይዋን ከግድግዳው አወርዳለሁ፤ እናንተም ዕቃችሁን ትሰበስባላችሁ።» ይህን ያሉት ለሽመልስ ነው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። እሱም እሺ ብሏል።

አሁን ሽመልስ የለይላን ሙዳይ በቦታው ሰቅሎ ስፒከሮቹን አበራ። ማንም ምንም አልነካም። ስድስቱም ሙዳዮች ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

ስድስት ሴቶች በአንዴ፤ አንዷ ስታስል፣ አንዷ ስትስቅ፣ አንዷ ስትቆጥር። አዴ ሳዳ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ሽመልስ ዘሎ ስፒከሮቹን አጠፋና ጆሮውን ወደ ጓዳው ጣለ። የዕቃው ኮሽታ ቆሟል።

«ሰሙ እንዴ?» አለች ባርኮት በሹክሹክታ።

«ጫጫታ ነው የሰሙት። ዝም በይ።»

ቴስተሩን አወጣ። ሙዳዮቹ ደህና ናቸው። ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ድምፁን የምትለቀው ትንሿ ኮምፒውተርም ደህና ናት፤ ስድስቱም ሙዳይ ተነክቷል እያለች ታመለክታለች። የመስመሮቹን ጫፍ ለማየት በጉልበቱ ተንበረከከ። ሲነሣ የሱሪው ጉልበት ቀይ ነው። በጣቱ ነካው። እርጥብ ነው።

ነደባው፣ የቤቱ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ጠዋት በቀይ አፈር ተለቅልቋል። ክቡር እንግዳ ሲጠበቅ ነደባን በቀይ አፈር ማደስ የቤት እመቤት ወግ ነው፤ ማንም ማንንም አስፈቅዶ አያደርገውም። ሽመልስ ደግሞ ስድስቱን መስመር ያሳለፈው በዚያው ነደባ ልስን ሥር ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ልስኑን ያሳብጥብኛል ብሎ እንደ ወረቀት የሳሳ ራቁት መዳብ ዘረጋ። ደረቅ አፈር ምንም አይለውም። እርጥብ አፈር ግን ስድስቱን መስመር አንድ አድርጎ በሺህ እጅ እንደ መንካት ነው። ራቁት መዳብ አፈር ውስጥ እንደማይቀበር የመጀመሪያው አሠሪው ገና በለጋ ዕድሜው አስተምሮታል። እያወቀ ያደረገው ሽቦው ሳይታይ እንዲቀር ብሎ ነው። የደበቀበትንም ቦታ ለአዴ ሳዳ አልነገራቸውም።

አዴ ሳዳ ከጓዳ ወጡ። ዓይናቸው ወደ ጉልበቱ ሄደ።

«ምን ሆነሃል?»

ሽመልስ ሊያድበሰብስ ይችል ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሽቦውን ነደባዎ ውስጥ ቀብሬ አልነገርኩዎትም። አፈሩ ሲረጥብ ተበላሸ።»

አዴ ሳዳ ነደባውን አዩ። «ከሰል ላንድድለት?»

«ላዩ ይደርቃል እንጂ ሆዱ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ይሰነጠቅብዎታልም።»

«አሥር ሰዓት ላይ ኢማሙም፣ የሰፈሩ ሴትም ሁሉ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

ሽመልስ ከቦርሳው ፕላስቲክ የለበሰውን ሽቦ አወጣ። መስመሩ በግድግዳው ላይ መሄድ አለበት፤ ሁሉም ሰው እያየው። «ሚስማር ልመታ…»

«በዚህ ግድግዳ አዲስ ሚስማር አይመታም» አሉ። «የአያቴ ሚስማሮች አሉልህ። በነሱ አዙረው።»

በሚስማሮቹ ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች ራሳቸው ማውረድ ጀመሩ። እያንዳንዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለባርኮት ያቀብላሉ፤ ሽቦው ሲያልፍ መልሰው ይሰቅሏቸዋል፤ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ያውቁታል። ሽመልስ ሽቦውን ከሚስማር ሚስማር ያጠላልፋል፣ ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ ይበይዳል፣ ይጎትታል፣ በሚጣበቅ ናስትሮ ይጠቀልላል። አንድ መስመር ሃያ ደቂቃ በላ። ሁለተኛው ሃያ አምስት። ሦስተኛው ላይ ካውያው አውራ ጣቱን ለበለበው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ቀጠለ።

«ብላ እንዳልልህ ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነህ» አሉ አዴ ሳዳ። «ጣትህን ግን እየበላህ ነው።»

ባርኮት ሳቋን ዋጠች። ሽመልስ አልሳቀም።

አምስተኛው ሲያልቅ ዘጠኝ ከሃያ አምስት። ስድስተኛው የለይላ ነው። የግቢው በር ሲንኳኳ የመጨረሻውን ናስትሮ እየጠቀለለ ነበር። ጫማ ሲወልቅ፣ ሰላምታ ሲለዋወጡ ይሰማል። ግድግዳውን ዞር ብሎ አየው፤ ጥቁር ሽቦ ከሳህን ወደ ሳህን ተንጠልጥሏል።

«ልብስ ማስጫ አስመሰልከው» አሉ አዴ ሳዳ። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው አደረቁ። «አብራው።»

አበራው። ዝም። ስድስቱም ዝም። እስካሁን ደህና ነው።

አዴ ሳዳ የለይላን ሙዳይ ነኩ።

«ሳዳ አለች?» አለ ሙዳዩ።

ከዚያ ምንም። ሽመልስ ይቆጥራል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስፒከሩ ተቃጥሎ ይሆን? ብየዳው ለቆ ይሆን? ያን የመጨረሻውን ጎትቶታል? አልጎተተውም። አዴ ሳዳ ወደሱ ዞሩ፤ መዳፋቸው ከአለላው ሊለቅ ትንሽ ቀረው።

«አያንሱ» አለች ባርኮት ፈጠን ብላ። «እየጠበቀችዎት ነው። ስቀርጻት እርስዎ ገበያ ሄደው ነበር። ጠርታ መልስ ጠበቀች። ዝምታውን ቆርጬ ማውጣት አልቻልኩም።»

የአዴ ሳዳ እጅ ባለበት ቀረ። እንግዶቹም በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ።

«አለሁ» አሉ ለግድግዳው።

«ከሌለች ኋላ ትስማው» ቀጠለች ለይላ። «በዚች ሙዳይ አንድ ረድፍ ተሳስቷል። ሃምሳ ዓመት እኔ ረድፍ ስቆጥርላት ኖሬ፣ አንድ ቀን ቁጠሪልኝ ብላት አሳሳተችኝ። አልፈታሁትም። እንደዚሁ ይሁን ብያለሁ።»

የአዴ ሳዳ ጣት አለላውን እየዳሰሰ ወረደ፣ አንድ ረድፍ ላይ ቆመ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሽመልስ እያለቀሱ መስሎት ጠጋ ቢል እየሳቁ ነው።

«ውሸቷን ነው» አሉ። «ሁለት ረድፍ ነው።»

ሽቦው ዛሬም እዚያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሽመልስ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ሁሉንም በሁለት ጣቱ ይጎትታል። ከእንግዳው ብዙው ግን ለይላ ዝም ስትል ተበላሸ ብሎ እጁን ያነሣል። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አለው፦ «አዴ ሳዳ ቤት ከመጣችሁ እጃችሁን አድርቃችሁ ግቡ። ለይላ ጠርታ ዝም ስትል አትደንግጡ፤ ብየዳው ደህና ነው። አሥራ አንድ ሴኮንድ ብቻ ናት፤ እባካችሁ እጃችሁን አታንሡባት።»