ቤዝ ጊታር ፍለጋ ወደ ገሳይ

ዓርብ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ዓርብ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የመንገዴ ምክንያት ለብዙ ሰው የሚያስቅ ነው፤ ቤዝ ጊታር ለመምረጥ ነው የምሄደው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ ሙዚቃ እንለማመዳለን፤ አንዳንዴም ሰርግ ላይ እንጠራለን። ለስድስት ዓመት የተጫወትኩበት ቤዝ ግን የራሴ አልነበረም። ያዋሰኝ ወዳጄ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሲገባ ንብረቱን ይዞ ሄደ። ምን ይደረጋል፣ መብቱ ነው። እኔ ግን ጣቶቼ ሥራ ፈትተው ሳምንቱ አልገፋ አለኝ።

ከበሮ የሚመታልን ሲሳይ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ወሬውን ያመጣው እሱ ነው። "ከተማው ውስጥ አንድ ሱቅ አዲስ ቤዝ አስገብቷል" አለኝ። "ገሳይ ደግሞ አንድ የድሮ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ አሉ፤ ቤዛቸውን ሊሸጡ ነው ይባላል። ሁለቱንም አይተህ ምረጥ።"

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት እሽግ የቤዝ ክር ከተትኩ፤ አንዱ ቀጠን ያለ፣ ሌላው ወፈር ያለ። የሞተ ክር ያለበት ጊታር ጥሩም ቢሆን ድምፁ ስለሚታፈን፣ ሳልቀይር አልፈርድም ብዬ ነው።

ሚኒባሷ ሐሙሲትን አልፋ የፎገራ ሜዳ ላይ ወጣች። ሩዙ ታጭዷል፤ ከብቶቹ ቃርሚያው ላይ ተበትነዋል። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዳገቱን ስንይዝ አየሩ ወዲያው ተለወጠ። አለም በርን ካለፍን በኋላ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ባይ፣ የተውነው ሜዳ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ፣ የሚያልቀው ጣና ላይ ይሁን ሰማይ ላይ መለየት አቃተኝ። ጆሮዬ ጓ ብሎ ተደፈነ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት "ልጄ፣ ወደ እኛ አገር ምን እግር ጣለህ?" አሉኝ።

"ጊታር ልገዛ ነው እማማ።"

ገረማቸው። "ከእኛ አገር ድንች ሲጫን ነው የማውቀው። ጊታር ሲጫን አላየሁም።"

ዓርብ ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር ብርዷ ፀሐይ እያለም አይለቅም። በባጃጅ ወደ ገበያው ወርጄ፣ አንድ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ በላሁና ሱቁን ፈለግሁ። ባለሱቁ አቶ ሰይድ ይባላል፤ ማጉያ፣ ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሁለት ቤዝ አወረደልኝ። አንዱ ቀይ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ባለ አምስት ክር ነው። ሁለተኛው ባለ አራት ክር፣ ቡናማ፣ ምንም የማያምር።

ዓይኔ ቀዩ ላይ ቀረ። አንገቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ቀጥ ማለቱን ሳይ፣ አቶ ሰይድ ሳቀ።

"ገበሬ ሞፈር ሲገዛ እንዲህ ነው የሚያየው" አለ።

"ከተጣመመ ሁለቱም አያርሱም" አልኩት።

ድምፁን ለመስማት ስንሞክር ግን ችግር መጣ። ሱቁ ውስጥ ያለው ማጉያ ለአዋጅ የሚሆን፣ ቀንድ የመሰለ ድምፅ ማውጫ ያለው ነው። ቤዙን ስመታው እንደ ንብ "ጥዝ" ይላል እንጂ የታችኛው ድምፅ ጭራሽ የለም። ሁለቱም ጊታሮች አንድ ሆኑብኝ። ገሳይ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ገሳይ

ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። የጉና ተራራ ቀስ እያለ በቀኛችን ተገለጠ። ስለ ጉና ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ዝም ያለና እንዲህ ሰፊ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ራሱን ጉም ሸፍኖታል። ከሥሩ የገብስ ክምርና የድንች ማሳ ተያይዞ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የለመደው ስለሆነ ቀና ብሎም አያየውም፤ እኔ ግን አንገቴ እስኪያመኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቀረሁ።

ገሳይ ወርጄ፣ ሲሳይ የነገረኝን የሙዚቀኛውን ስም "ሃምሳ አለቃ ጌጤ" ስል ያላወቀ ሰው አልነበረም። ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ወደ ላይ ነው። በሩ ላይ አንዲት ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ረዥም ሴት ድንች እየለየች ጆንያ ትሞላለች። "እንደምን ዋልሽ" አልኳት። ቦርሳዬን አየች፣ ጣቶቼን አየች፣ ፊቷን አዞረች።

"አትሰማም፤ አትቀየማት" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። "ልጄ አንጓች ናት። ግባ፣ ግባ፣ ውጭው ብርድ ነው።"

ሃምሳ አለቃ ጌጤ ቁመታቸው አሁንም የወታደር ነው። ጣቶቻቸው ግን እንደ ሥር ጎብጠዋል። ቁርጥማት ነው አሉኝ። ቤዙን ከግድግዳው አውርደው፣ የተጠቀለለበትን ጋቢ ፈትተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ቀለሙ ክንድ ያረፈበት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። አንገቱን በዓይኔ ብከተለው እንደ ክር የቀና ነው።

"አስመራ ሳለሁ ከደመወዜ የገዛሁት ነው" አሉ። "ሠራዊቱ ሲበተን ጠመንጃዬን አስረክቤ እሱን አዝዬ ወደ አገሬ መጣሁ። ግማሹ በእግር፣ ግማሹ በጭነት መኪና። መንገድ ላይ መትረየስ የያዝኩ መስሎት የሸሸኝ ስንቱ!"

ክሮቹ ጠቁረዋል። "እነዚህስ መቼ የተቀየሩ ናቸው?" አልኳቸው።

"የት አግኝቼ እቀይራለሁ? በየዓመቱ በአመድ ውሃ እቀቅላቸው ነበር። ቅባቱ ሲወጣ ድምፃቸው ይመለሳል። ቀጭኗ ብቻ ተበጥሳ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክቻታለሁ።"

እኔ ክር በተቀቀለ ጊዜ እንደሚታደስ የሰማሁት ከሙዚቀኛ ጓደኞቼ ነው። እሳቸው እዚህ ተራራ ላይ፣ ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበታል።

"ማጉያስ አለዎት?"

"ያውልህ" ብለው በአገጫቸው ጎታውን አሳዩኝ። ማዕዘኑ ላይ የቆመ፣ በጭቃ የተሠራ ትልቅ የእህል ጎታ ነው፤ አፉ በወፍራም ሳንቃ ተከድኗል። የጊታሩን አናት ሳንቃው ላይ አስደግፌ ወፍራሙን ክር እንድመታ ነገሩኝ። መታሁት።

ምን ብዬ ልጻፈው? ድምፁ ከጊታሩ አልመጣም። ከጎታው ሆድ ወጣ፤ በመደቡ በኩል መጥቶ ወገቤ ውስጥ ገባ። በትልልቅ ማጉያ ተጫውቻለሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ገላዬ አያውቅም። እጄ ክሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። "አሁን ገብስ ሞልቶበት ታፍኖ ነው። ነሐሴ ላይ ብትመጣ ጎታው ጎድሎ ድምፁ ይሰፋል። እኛ ሲርበን ጊታሩ ይጠግባል።"

ይህን እያሉኝ ሳለ አንጓች ድንቹን ጥላ ገባች። የጠራት ሰው የለም። ሁለት መዳፏን ጎታው ላይ ለጠፈች፣ ጉንጯንም አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሃምሳ አለቃ "ምታ፣ አታቋርጥ" አሉኝ ቀስ ብለው። ስመታ ትከሻዋ ረገብ አለ። ሳቆም ዓይኗን ገለጠች።

ኋላ ነገሩኝ። ሰባት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተርፋ ጆሮዋ ቀረ። ወራት ሙሉ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ጎታው ሥር ተቀመጠች። አንድ ቀን አባቷ እንዲሁ ለራሳቸው ሲመቱ ዘወር አለች።

"ስሟን ስንጠራ ዘወር የማትል ልጅ፣ ለዚህ ዘወር አለች" አሉ። "ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሳልመታላት አልተኛችም። አሁን ጣቴ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት አለፈ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያረጅ ከማየው የሚመታው ሰው ይውሰደው ብዬ ነው።"

ክሮቹን ለመቀየር ተነሣሁ። መጀመሪያ ቀጭኑን እሽግ ገጠምኩ። እኔ በጆሮዬ ስሰማው ጥርት ያለ፣ የሚያምር ነው። አንጓች መዳፏን ጎታው ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀችና ራሷን ነቀነቀች፤ ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ። ወፍራሙን እሽግ ገጥሜ ያንኑ ዜማ ደገምኩት። ቡጢዋን ጨብጣ ደረቷን ሁለት ጊዜ መታች።

"ይኸኛው እዚህ ይገባል ነው የምትል" አሉ አባቷ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊታር በጣም ፈልጌው ነበር። እንዲህ ያለ አንገት፣ እንዲህ ያለ እንጨት ዳግመኛ እንደማላገኝ አውቄአለሁ። ሃምሳ አለቃ "እንግዲህ ውሰደው" ሲሉኝ እጄ ቀድሞኝ ተዘረጋ። አንጓች ከንፈራቸውን አንብባለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ጋቢውን አንሥታ ጊታሩን ራሷ ትጠቀልለው ጀመር፤ ጫፉን እያስተካከለች፣ ሕፃን እንደሚጠቀለል። ስትጨርስ ግን መዳፏ ከላዩ አልተነሣም።

እጄን ሰበሰብኩ። "ሃምሳ አለቃ፣ እሷ መትታው ታውቃለች?"

"ማን? አንጓች?" ገረማቸው። "የማይሰማ ሰው እንዴት ይመታል?"

"ክሩን እኮ የመረጠችው እሷ ናት።"

ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያም ጊታሩን። "ይህን ሁሉ ዘመን" አሉ በመጨረሻ፣ "አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።"

ጋቢውን ፈትተው በእጃቸው ጠሯት። ነገሩ ሲገባት ደንግጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች፤ ወደ በሩም አፈገፈገች። አባቷ በጎበጡት ጣቶቻቸው እጇን ፈልገው አወጡት፤ ወፍራሙ ክር ላይ አኖሩት። አንዴ መታች። እሳት እንደነካው ሰው እጇን ነጠቀች። ጎታውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ መታች። ደገመች። ቀስ ብላ፣ ሳታፋጥን ሳታዘገይ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እርምጃ እኩል አድርጋ ትመታ ጀመር። ለዓመታት ስለማመድ እንዲህ እኩል መምታት አልሆነልኝም። ሃምሳ አለቃ በተራቸው ሄደው መዳፋቸውን ጎታው ላይ ለጠፉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም።

ስለ ሽያጩ ከዚያ በኋላ አንዳችንም አላነሣንም። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን፣ ጠላ ጠጣን። ወፍራሞቹን ክሮች እንደተገጠሙ ተውኳቸው። አንጓች እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ መኪና እስኪመጣም አብራኝ ቆመች። ስሳፈር ቡጢዋን ጨብጣ ደረቷን መታች፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሰይድ ሱቅ ተመለስኩ። "ማጉያውን ተወው፣ ባዶ ቁም ሳጥን ብቻ አሳየኝ" አልኩት። አብዷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አሳየኝ። የቀዩን ጊታር አናት ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፌ፣ ጆሮዬን በአንድ እጄ ከድኜ፣ ሌላውን ክንዴን ሳጥኑ ላይ አሳርፌ፣ ሌላ ሰው እንዲመታልኝ ጠየቅሁ። አቶ ሰይድ ራሱ መታ። እንጨቱ ላይ ያረፈው ክንዴ ብዙም አልተሰማው። ቡናማውን ስናደርግ ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደሩት የሻይ ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ክንዴንም እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ።

"ይኸን ነው የምወስደው።"

"ቀዩ ያምራል እኮ" አለ አቶ ሰይድ።

"ያምራል" አልኩ። "ይኸኛው ግን ይገባል።"

ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ታቅፌ ዳገቱን ወረድኩ። ሙቀቱ ወረታ ላይ ተቀበለኝ፤ አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። ድምፅ ንዝረት ነው እያልኩ ለተማሪዎቼ ዓመት በዓመት እጽፍላቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ስንት ዓመት የጻፍኩትን ነገር እኔም ገና መማሬ ነበር። አንድ ነገር ማን ይችላል፣ ማን አይችልም ብሎ ከመፍረድ በፊት እጁን ይዞ ክሩ ላይ ማሳረፍ እንደሚገባም ያን ቀን ገባኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሃምሳ አለቃ ጌጤ ስልክ ደወሉ። ከሰላምታው በፊት "መምህር፣ ክር በጠሰች!" አሉኝ።

"ቀጭኗን ነው?"

"የምን ቀጭን! ወፍራሙን!"

የቤዝ ወፍራም ክር ሲበጠስ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ሰው ሲበጥስም አልሰማሁም። ስልኩን እንደያዝኩ ተነሥቼ ቆምኩ። በማግስቱ አዲስ እሽግ ገዝቼ መናኸሪያ ወሰድኩ፤ በገሳይ ለሚያልፍ ሹፌርም ሰጠሁት።

"ለማን ነው የምሰጠው?" አለኝ።

"ለአንጓች። ገሳይ ወርደህ ቤዝ ተጫዋቿ በል፤ ያሳዩሃል።"