የአልቃሿ ሥራነሽ ድምፅ

«አልቃሽ ነኝ እኮ! ሰው ሲሞት ላስቅ ነበር? ድምፅሽ ወረደ ብላችሁ ኪኒን ከጨመራችሁብኝ፣ ነገ ደግሞ ጥርሷን አመማት ብላችሁ እግሬን ልትቆርጡ ነው!»

ጤና ጣቢያው ግቢ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞር አለ። እትዬ ሥራነሽ ስትጮህ ሮብ ገበያ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሾ ያወረደ ጉሮሮ ነዋ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም ያልኩት» አለች ነርሷ የኔአለም፣ ወረቀቱን እያሳየቻት። «መስመሩ ነው።»

«መስመር! መስመርሽ ገደል ይግባልሽ!»

ነገሩ የመጣው ከባሏ ሞት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሞት አገሩ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ትል ይሆን» ብሎ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ምንም አላለች። የሰውን ሁሉ ሬሳ ያለቀሰች ሴት በራሷ ቀን ደረቀች። ከዚያ ሦስት ወር ግድግዳ ስታይ ከረመች። ለጠየቃት ሁሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሷ። ሐኪም ድባቴ ነው አላት፤ ኪኒን ጀመረች፤ ተሻላት። ግን አፏ ከ«ደህና ነኝ» ስለማይነቃነቅ ስልክ ሰጧት። በሳምንት አንዴ፣ አንድ ደቂቃ ስለ ውሎዋ ታወራበታለች። ስልኩ ያለችውን ትቶ አባባሏን ይለካል፤ ፍጥነቷን፣ ዝምታዋን፣ የድምፅዋን መውጣት መውረድ። ልኬቱም ጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ያ መስመር ይኸው ሦስት ወር ቁልቁል ነው። ሐኪሙም ኪኒኑን ጨመረ። ኪኒኑ ደግሞ ያፈዛታል፤ ባለፈው ለቅሶ ላይ መሀል ላይ ግጥሙ ጠፍቷት የሟቹን ስም እንኳ ረሳች። አሁን ሰው ሌላ አልቃሽ መጥራት ጀምሯል። ሥራነሽን የሚያንገበግባት ይሄ ነው።

«ቆይ፣ የት ሆነው ነው የሚቀርጹት?» አለች የኔአለም።

«የት እሆናለሁ? ኔትወርክ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ለቀብር ስወጣ ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ አወራለታለሁ።»

«እሁድስ?»

«ቅዳሴ ስልክ ይዤ ልግባልሽ?!»

የኔአለም ግንባሯን ያዘች። «አሥራ ሁለት ቀረጻ፣ አሥራ ሁለት ቀብር? ጉሮሮዎ ተዘግቶ እያለ?»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ፣ አንቺ ልጅ!»

ነርሷ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እየጎተተች ሄዳ አንድ ቦታ ቆመች። «ይቺ ከሁሉም የወረደችው የሐምሌ ሃያዋ ናት። ያን ቀን ማን ሞቶ ነው?»

ሥራነሽ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«የሱን መቃብር ሣር በልቶት ነበር። ልነቅል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ለስልኩ ግን ደህና ነኝ ነው ያልኩት።»

የኔአለም ወረቀቱን አጠፈች። ሥራነሽ ብድግ አለች።

«እንወራረድ! ቀብር በሌለበት አራት ማክሰኞ እቀርጻለሁ። መስመሩ ሽቅብ ካልወጣ፣ ኪኒንሽን ዓመት ሙሉ ቃል ሳልተነፍስ እውጣለሁ።»

«እርስዎ? ቃል ሳይተነፍሱ? እሱን ለማየትማ ማሸነፍ አለብኝ!»

«ከወጣ ደግሞ ለሐኪሙ ትነግሪያለሽ፤ የሚቀጥለው ለቅሶ ላይም ከጎኔ ቆመሽ ሙሾ ትቀበያለሽ።»

«እኔ? በዚህ ድምፄ?»

«እኔስ በዚህ ድምፄ አይደል የታመምኩት!»

ማክሰኞ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጣች። ቀብር የለም፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው። የባሏን መቃብር አልፋ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ስልኩን ነካችው። «ውሎዎ እንዴት ነበር?» አለ ስልኩ፣ በዚያ በአዲስ አበባ ቅምጥል አነጋገሩ።

«ውሎዎ እንዴት ነበር» ብላ አፏን አጣማ አስመሰለችው። ልትቀጥል ስትል ከታች ከመንደሩ የለቅሶ ጡሩምባ ተነፋ።

«ኧረ ማነህ! አንድ ደቂቃ ብትታገሥ ምን ነበረበት!» ብላ ሟቹ ላይ ጮኸችበት።

ስልኩ ግን አንድ ደቂቃዋን እየቆጠረ ድምፅዋን መቅረጽ ከጀመረ ቆይቷል።