ጋሽ ኡበይደላና የጋላማ ጭጋግ

ጋሽ ኡበይደላ ከአዳማ ባሌ ሮቤ ሠላሳ አንድ ዓመት አይሱዙ ነዱ። እህል ጫኑ፣ ሲሚንቶ ጫኑ፣ አንዳንዴም ከብት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ባረፉ በዓመቱ መኪናውን ሸጠው ቤት ተቀመጡ። መቀመጡ ግን አልሆነላቸውም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ቆመው ወደ አርሲ ተራሮች ሲያዩ ይረፍዳል።

አንድ ቀን ልጃቸውን ሀኒያን ጠሯት። "ሠላሳ ዓመት በመስታወት ነው ያየሁት" አሏት። "ጭላሎን፣ ጋላማን፣ ካካን። አንድም ቀን ወርጄ አልረገጥኩትም። በእግሬ ልሄደው ነው።"

"ብቻህን?"

"አንቺ የት ሄደሽ? እሑድ እሑድ ሱቅሽ ዝግ አይደል!"

ሀኒያ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏን ፈትታ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የስልክ መለዋወጫ ትሸጣለች። ተራራ ወጥታ አታውቅም። አባቷ ግን ከእናቷ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መፈለጋቸው ነበርና እሺ አለች።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት እንደገባ ጀመሩ። የመጀመሪያው እሑድ ከሁሩታ፣ ከገብሱ ማሳ ተነሡ። በሚቀጥለው እሑድ ካቆሙበት ቀጠሉ። በልግ ሳይገባ ሸንተረር ለሸንተረር ሄደው ካካ ጫፍ ለመድረስ ነበር ሐሳባቸው። ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ይይዛሉ፤ ሲመሽ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ።

ጭላሎን ሲወጡ ጋሽ ኡበይደላ እንደ ጎረምሳ ቀደሟት። እሷ የአስታውን ቁጥቋጦ እየያዘች፣ እያለከለከች ተከተለች። አናቱ ላይ ሲደርሱ በጣታቸው አሳዩዋት። "ያ ዝዋይ ነው። ያ ደግሞ፣ በዚያ በኩል የሚያብለጨልጨው፣ ቆቃ።" ያን ቀን እንኳን መጣሁ አለች።

በኅዳር አንድ እሑድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ሲበሉ፣ ዶዶላ መግቢያ ላይ ጎማ የፈነዳባቸውን ቀን አጫወቷት። ሳቁ። ዳቦው ሳያልቅ ያንኑ ወሬ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ሳቅ እንደገና ነገሯት። ሀኒያም እንደገና ሳቀች። ሰው ሲያረጅ ወሬ ይደግማል አለች በልቧ።

በታኅሣሥ ጋላማ ሸንተረር ላይ ወጡ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ጋሽ ኡበይደላ ቆሙ። ውሃ ሊጠጡ መሰላት፤ አልጠጡም። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን አዩ። ቆይተው በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ሄዱ። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዙ መንገዱ ገደል አፍ ላይ አለቀ።

"ተሳሳትን እንዴ አባ?"

"ማን ነው የተሳሳተው? ገደሉን ላሳይሽ ብዬ ነው!"

ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። አንገታቸው ላይ ያለችው የደም ሥር ግን ትዘል ነበር።

በጥር ጃኬታቸውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አገኘች። የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። "ከበቆጂ መኪና ተራ በስተግራ። የፈረስ መንገድ። ውሃ ከዋሻው በታች።" ከሥሩ የእሷ ስልክ ቁጥር። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭነው የጻፉት፦ "ሀኒያ። ልጄ ናት።"

ሳሙናው እጇ ላይ ደረቀ። እሷ የምትፈራውን እሳቸው ቀድመው ያውቁታል። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ አስቀመጠችና ጃኬቱ ሲደርቅ መልሳ ኪሱ ከተተችው። አልጠየቀቻቸውም። የሚቀጥለው እሑድ ሲደርስ ሁለቱም ጫማቸውን አሰሩ። መቅረት ነገሩን በስሙ መጥራት ሆነባት።

ከጋላማ ሥር ዲዳ የሚባል ገበሬ አለ፤ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ፈረሶችም አሉት። ሲያልፉ "አካም ጅርቱ" ብሎ ጎጆው አስገባቸው፤ የተቀቀለ ድንች አቀረበላቸው። የዙህር ሰዓት ደርሶ ነበርና ጋሽ ኡበይደላ ውዱእ አድርገው ደጅ ላይ ለሶላት ቆሙ። ዲዳ በበሩ በኩል አያቸው፤ ድንቹን የያዘው እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ጋሽ ኡበይደላ ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ካካ አዙረው ነበር የሚሰግዱት። ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ከጀርባቸው ነው።

"አላህ የልብን ያያል" አላት ዲዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ተራራው ግን የልብን አያይም። ከእንግዲህ መንገድ አባትሽ አይምሩሽ።"

"እሳቸው ናቸው መንገዱን የሚያውቁት።"

"ያውቁ ነበር።" የያዘውን ድንች አስቀመጠ። "ጭጋግ ከያዛችሁ ማንንም አትከተዪ። የፈረስ ፋንድያ ያለበትን መንገድ ብቻ ይዘሽ ውረጂ። ፈረሶቻችን ማታ ወደ ቤት ነው የሚገቡት።"

በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ የጋላማን ሸንተረር ሊጨርሱ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚቀራቸው ካካ ብቻ ነበር። ጠዋት ሰማዩ ንጹህ ነበር። ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ከምሥራቅ በኩል መጣ፤ መጀመሪያ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች ዋጠ፣ ቀጥሎ ድንጋዮቹን፣ ከዚያ አሥር እርምጃ ቀድመዋት የሚሄዱትን አባቷን።

"አባ!"

ድምፅዋ ከአፏ የራቀ አልመሰላትም። እየዳበሰች ወደፊት ሄደች። በስተቀኝ የሆነ ቦታ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ወድቆ መሬት እስኪመታ ብዙ ቆየ።

አገኘቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። ከፊታቸው አንድ እርምጃ ያህል ሣር አለ፤ ከሣሩ ወዲያ ነጭ ባዶ ነው። ዳናዋን ሰምተው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ፍርሃትም የለም። ሰው የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ የሚያሳየው ጨዋነት ነበር።

"እህት" አሏት፤ "ልጄን አላየሽልኝም? ከኋላዬ ነበረች። ቀይ ሹራብ ለብሳለች።"

ሀኒያ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ፊታቸው ቆማለች። እኔ ነኝ አባ ልትል አፏን ከፈተች። ከደነገጡ ግን ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ኋላቸው ገደል ነው። አፏን ዘጋች። ከዚያ በሕይወቷ ብላቸው በማታውቀው አነጋገር አንቱ አለቻቸው።

"አይቻታለሁ አባባ። ወደ ታች ወርዳለች፣ ወደ ዲዳ ቤት። እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ይከተሉኝ።"

"ብቻዋን? በዚህ ጭጋግ?"

"ጎበዝ ናት።"

"እሷ? እሷ ፈሪ ናት።" አሰቡ። "ግን ትመጣለች። ፈርታም ቢሆን ትመጣለች።"

"እጅዎን ይስጡኝ።"

ሰጧት። እጃቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ጎንበስ ብላ መሬት መሬት እያየች፣ ፋንድያ እየፈለገች ወረደች። በመሐል በረዶ መዝነብ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ፋንድያው ጠፋባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለችበት ቆማ ዙሪያውን በእግሯ እየዳበሰች አገኘችው። እጃቸውን አልለቀቀችም።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሏት መሐል ላይ።

"የሾፌር ልጅ ነኝ።"

"እኔም ሾፌር ነበርኩ። የባሌ መስመር።" ጥቂት ሄዱ። "አባትሽን አውቀው ይሆናል።"

"ያውቁታል" አለች።

ጠዋት ሲወጡ ያያቸው ዲዳ ችቦ ይዞ ከጎጆው በላይ ጠበቃቸው። እሳት ዳር አስቀመጣቸው፣ ጋቢ አለበሳቸው። ጋሽ ኡበይደላ ሙቀቱ ሲሰማቸው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

"ሹራብሽ በስብሷል፤ አታወልቂውም? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው!"

ሀኒያ ተነሥታ ወጣች። ፈረሶቹ አጠገብ ቆማ፣ ማንም እንዳይሰማት የሹራቧን እጅጌ ነክሳ አለቀሰች።

አዳማ ያየቻቸው ሐኪም ብዙ ጠየቀቻቸው። ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቃቸው ተቆጡ፤ የመኪናቸውን ታርጋ ግን ሳይሳሳቱ ነገሯት። ለሀኒያ የበሽታውን ስም ነገረቻት፤ መድኃኒቱ እንደሚያዘገየው፣ እንደማያቆመው ጭምር። ካካ ሳይወጡት ቀረ። እሳቸውም አልጠየቁ።

አሁን ቀን ቀን ሱቁ ውስጥ ከጎኗ ይቀመጣሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አንቺ ደግሞ ከደንበኛ ጋር ወሬ አበዛሽ እያሉ ይቆጧታል። ሲቆጧት ደስ ይላታል፤ ሰው እንዲያ የሚቆጣው በራሱ ሰው ላይ ነው። የሚያስፈራት ትሕትናቸው ነው። ሻዩን ስታቀብላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው "እህቴ፣ አስቸገርኩሽ፤ አላህ ይስጥልኝ" የሚሏት ቀን አለ። በሚያዝያ እንዲህ ያለው ቀን አንድ ብቻ ነበር። በግንቦት በየሳምንቱ አንድ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን አመሰገኗት።