ጫልቱ ማይኩን ስትይዝ

መጀመሪያ የጠፋብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቡራዩ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ፓስተሩ በአማርኛ ሲሰብኩ፣ ከጎናቸው ቆሜ በአፋን ኦሮሞ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። አንድ እሑድ ተናግረው እንዳስተረጉም ጠበቁኝ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ አየኝ። ለካ እንቅልፍ ካጣሁ፣ ምግብ ከዘጋኝ ሰንብቻለሁ። አዲስ አበባ የሄድኩበት የአእምሮ ሐኪም «ድባቴ ነው» ብሎ ፍሉኦክሰቲን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ።

ቦታዬ ላይ ጫልቱ ቆመች። እኔው ያስተማርኳት ልጅ! «ጎበዝ ናት እኮ» ሲሉ አንጀቴ አረረ። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» እያልኩ አለቀስኩ። ልጅቷ ምን በደለችኝ? ምንም።

ክኒኑን ሦስት ሳምንት ዋጥኩ። እንቅልፌ ተመለሰ፤ ጭንቅላቴ ግን አልተመለሰም። ድስት ጥጄ እረሳለሁ። ጎረቤቶቼ «ክኒኑ ነው አእምሮሽን የበላው» ሲሉኝ አመንኳቸው። ጫልቱን ቶሎ ከቦታዬ ላስነሳት ብዬ በራሴ አቆምኩት። በወሩ ወደቅሁ። አልነሳም። አልታጠብም። መሞት አማረኝ። ወንድሜ ደግፎ ወደ ሐኪሙ መልሶ ወሰደኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ማስታወስዎን መጀመሪያ የጎዳው ሕመሙ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ስሜትን ቀድሞ ያነሳል፤ ትኩረትና ማስታወስ ዘግይተው ይከተላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ መድኃኒቱም ያደነዝዛል፤ ያኔ ይንገሩኝ፣ እናስተካክለዋለን። በራስዎ ግን አያቁሙ።»

እንደገና ከጀመርኩ በስምንተኛው ወር፣ ፊት ወንበር ተቀምጬ የጫልቱን ስሕተት ስለቅም (አዎ፣ የምሄደው ለዚያ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ)፣ ፓስተሩ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷ ግማሹን ብላ መጨረሻው ጠፋት። እኔ ግን ከነመጨረሻው፣ በሁለቱም ቋንቋ ይዤዋለሁ! ልቤ በደስታ ዘለለ። ጫልቱ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ዝም ብላት እንደ እኔ ትዋረዳለች፤ ለአፍታ ይህንኑ ተመኘሁ። ከዚያ ከተቀመጥኩበት መጨረሻውን ነገርኳት። «ገለቶማ፣ እትዬ» ብላ በማይኩ ስታመሰግነኝ ሰዉ ሳቀ።

ወንድሜንና ሐኪሙን አመሰግናለሁ። እናንተም ክኒናችሁን በጎረቤት ምክር አታቁሙ፤ የምትረሱትን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ዛሬ ከጫልቱ ጋር በየተራ እናስተረጉማለን። በእሷ ተራ ቅናቱ አሁንም ያንገበግበኛል። ለዚህስ ክኒን የለም ወይ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው ሳቀና፣ «የለም፤ እሱን ከልጅቷ ጋር ይጨርሱት» አለኝ። በአፌ ልነግራት አልቻልኩም፤ ይኸው ጻፍኩላት።